በመኖሪያ ቤት ውስጥ የልብስ ስፌትና የእጅ ሥራ ክፍል ስለ ማዘጋጀት

ልብስ መስፋትን መተዳደሪያው ለማድረግ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የስፌት መኪና ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ነው። መኪናው ተገዝቶ ወደ ቤት ከገባ በኋላ የተረፈ ማዕዘን ይፈለግለታል፤ ጨርቁም በአልጋ ወይም በወለል ላይ ተዘርግቶ ይቆረጣል፤ መብራቱ ቀድሞ ከነበረበት ከጣራው መካከል ሳይነቃነቅ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። ይኸውም መጀመሪያ ብርሃን፣ ሁለተኛ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሦስተኛ መኪና የሚል ነው። ምክንያቱን በአጭሩ ለመናገር፣ በመርፌ የተሳሳተ ስፌት ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል፤ በመቀስ የተሳሳተ ጨርቅ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። የሰው ጨርቅ ተቀብሎ በቤቱ የሚሠራ ሰው ደግሞ ያበላሸውን መተካት ግዴታው ስለ ሆነ፣ አንድ ቀን በተሳሳተ መቀስ የወሩን ትርፍ ሊያጣ ይችላል።

ለምሳሌ የመረጥነው የኡጋንዳን ዋና ከተማ ካምፓላን ነው። በካባላጋላና በካንሳንጋ ሰፈሮች አያሌ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ፤ በ2006 የወጣውም የኡጋንዳ የስደተኞች ሕግ ስደተኛ ሠርቶ እንዲኖር ይፈቅዳል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሱቅ ለመከራየት ገንዘብ ለሌለው ሰው በቤት ውስጥ መስፋት ከቅርብ መንገዶች አንዱ ነው። ከዚህም በቀር ከከተማው ሠራተኛ ሕዝብ ብዙው የሚኖረው ሙዚጎ በሚባል በተርታ በተሠራ የኪራይ ቤት ሲሆን፣ ይህም አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ስፋቱም ብዙ ጊዜ በግምት ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ነው። በመካከሉ መጋረጃ ተጋርዶ ከኋላው ይተኛበታል፤ ከፊቱ እንግዳ ይቀመጥበታል። በእንዲህ ያለ ቤት የሚያገለግል አሠራር ሰፋ ባለ ቤት ለሚኖር ሰው ይበልጥ እንደሚያገለግል ግልጽ ነው።

በካምፓላ የልብስ ሰፊ ሥራ ምን ያህል የከበረ እንደ ሆነ ለማወቅ ጎመሲ የተባለውን የሴቶች ልብስ መመልከት ይበቃል። ቡሱቲም ይባላል። እንደሚነገረው፣ ከካምፓላ በስተ ሰሜን በጋያዛ በ1905 የሴት ልጆች ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ ልብሱን የቀደደው ጎሜስ የሚባል ከጎዋ የመጣ ሕንዳዊ ልብስ ሰፊ ነው፤ ልብሱም ስሙን የወረሰው ከእርሱ ነው። አንገትጌው አራት ማዕዘን ነው፤ እጅጌው አጭር ሆኖ በትከሻ ላይ ሹል ብሎ ይቆማል፤ በግራ በኩል ከአንገትጌው ሥር ሁለት ቁልፎች አሉት፤ ከወገብ ዝቅ ብሎ ሰፊ መቀነት ይታሰርበታል። ለአንድ ጎመሲ እስከ ስድስት ሜትር ጨርቅ ይገባል። በቡጋንዳና በቡሶጋ ሴቶች በሠርግ፣ በለቅሶ፣ ይልቁንም ሙሽራይቱ እጮኛዋን ለወላጆችዋ በምታስተዋውቅበት ክዋንጁላ በሚባለው በዓል ይለብሱታል። እንግዲህ ለክዋንጁላ የተገዛን ስድስት ሜትር ሳቲን በጠባብ አልጋ ላይ ዘርግቶ የሚቆርጥ ሰው፣ ጨርቁ ቢንሸራተትበት የሚያበላሸው የአንድ ቤተ ሰብ የክብር ቀን ነው።

በጥንቱ ጊዜ የከተማው የጨርቅ ንግድ በአብዛኛው በእስያውያን እጅ ነበረ። በ1972 ኢዲ አሚን እስያውያንን በዘጠና ቀን ውስጥ ከሀገር እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ ብዙ ሱቆች ባለቤታቸውን አጡ። ዛሬ ጨርቅ የሚፈልግ ሰው በከተማው መካከል ወዳለው ወደ ኪዬምቤ መንገድ ይሄዳል፤ በዚያ ጨርቅ ሻጩና ልብስ ሰፊው ጎን ለጎን ናቸው። ይሁን እንጂ በገበያ መካከል መሥራት የራሱ አደጋ አለው። ኦዊኖ እየተባለ የሚጠራው የቅዱስ ባሊኩዴምቤ ገበያ በ2009 በተቃጠለ ጊዜ አያሌ ነጋዴዎች ንብረታቸውን በአንድ ሌሊት አጥተዋል። በ2020ም ስለ ኮሮና በሽታ ሱቆችና መጓጓዣ በተዘጉ ጊዜ፣ መኪናው በቤቱ የነበረው ሰው ከጎረቤት የሚመጣለትን ሥራ ሊቀበል ይችል ነበረ፤ መኪናው በተዘጋ ሱቅ ውስጥ የቀረበት ግን አልቻለም።

ስለ ብርሃን። ካምፓላ ከምድር ወገብ ጥቂት ብቻ ወደ ሰሜን ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጧቱ አንድ ሰዓት ገደማ ወጥታ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ትገባለች። (በሉጋንዳ ቋንቋ የሚናገር ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ስለ ሆነ የሀገራችን ሰው በቀጠሮ አይደናገርም፤ ቀጠሮው በእንግሊዝኛ የተሰጠ እንደ ሆነ ግን ስድስት ሰዓት መቀነስ ያስፈልገዋል።) ከወገብ አጠገብ ፀሐይ በቀትር ከአናት በላይ ስለምትሆን፣ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ዓይን የማይወጋ፣ ቀኑን ሁሉ የማይለዋወጥ ብርሃን ይሰጣል። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ግን ጧትና ማታ ዝቅ ብላ የምትመጣውን ፀሐይ በቀጥታ ያስገባል፤ ይህም ዓይንን ከማድከሙ በላይ የተሰቀለውን ጨርቅ ቀለም ያነጣዋል። ቤት የሚከራይ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢመለከት መልካም ነው። ቤቱ ቀድሞ የተያዘ እንደ ሆነ ደግሞ ስስ ነጭ መጋረጃ ይበቃዋል።

ሠራተኛው በቀኝ እጁ የሚሠራ ከሆነ ብርሃኑ ከግራው እንዲመጣ ይቀመጥ። የስፌት መኪና መርፌ ያለው በመኪናው ራስ በግራ በኩል ስለ ሆነ፣ ከግራ የሚመጣ ብርሃን የእጅ ጥላ ሳይጥልበት መርፌው ላይ ይደርሳል። ለማታ ሥራ በጣራ መካከል ያለ አንድ አምፖል አይበቃም፤ ከሰባት እስከ አሥር ዋት የሚሆን የኤል ኢ ዲ መብራት ከጠረጴዛው በላይ ዝቅ አድርጎ መስቀል ይገባል። ይሁንና ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የሚሰፋበትንና የጨርቅና የክር ቀለም የሚመሳከርበትን ሥራ ለቀን ማቆየት ይሻላል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ፤ የዚህ ትምህርት ዋና ነገር እርሱ ነውና። የመቁረጫ ጠረጴዛ ከምግብ ጠረጴዛ ከፍ ማለት አለበት። ትክክለኛውን ከፍታ ለማወቅ ሠራተኛዋ ቀጥ ብላ ቆማ ክርንዋን ትጠፍ፤ ጠረጴዛው ከክርንዋ በ10 ወይም በ15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ቁመትዋ 1 ሜትር ከ60 ለሆነ ሴት ይህ በግምት ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዝቅተኛ ጠረጴዛ ወይም በወለል ላይ ጎንብሶ የሚቆርጥ ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወገቡን ያመዋል፤ መቀሱም ቀጥ ብሎ አይሄድለትም። ስፋቱን በሚመለከት፣ ኪቴንጌ የሚባለው ባለ ሥዕል የጥጥ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ጎኑ 115 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ ሲታጠፍ ከ60 ያንሳል፤ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነውም ሲታጠፍ 75 ይሆናል። ስለዚህ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያለው ጠረጴዛ ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው።

ይህን የሚያህል ጠረጴዛ በሙዚጎ ውስጥ የት ይገባል? የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። መልሱ ከግድግዳ ጋር በማጠፊያ ብረት የተያያዘ፣ ሥራ ሲያልቅ ወደ ታች የሚወርድ የኮምፔንሳቶ ጠረጴዛ ማሠራት ነው። ሲወርድ ከግድግዳው የሚርቀው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እንጨቱ በንዴባ ሰፈር ካሉ የእንጨት ነጋዴዎች ዘንድ ይገኛል፤ ከሥር የሚደግፈውን የቱቦላሬ እግር ደግሞ በካትዌ ሰፈር ያሉ ብረት ሠራተኞች በተሰጣቸው ልክ በይደው ይሠሩታል። አከራዩ ግድግዳውን መብሳት የከለከለ እንደ ሆነ ሁለት ተጣጣፊ እግሮችና በላያቸው የሚጋደም ሰሌዳ ማሠራት ይቻላል፤ ሰሌዳው ሌሊት ከአልጋው ሥር ይገባል። በእኛ አስተያየት ገንዘብ ለሁለቱ የማይበቃው ሰው ርካሽ መኪና ገዝቶ ይህን ጠረጴዛ ቢያሠራ፣ ውድ መኪና ገዝቶ በአልጋ ላይ ከሚቆርጠው ሰው ይልቅ ይጠቀማል።

ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ከመቆረጡ በፊት የሚደረገው ሥራ ብዙ ነው። መጀመሪያ ባለ ጨርቁ ፊት ይለካል፤ በስድስት ሜትር ስም የተገዛ ጨርቅ አምስት ሜትር ተኩል ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለና። ቀጥሎ ነጠብጣብ ወይም የተበጠሰ ክር እንዳለበት በብርሃን ፊት ይታያል። የጥጥ ጨርቅ ከሆነ ታጥቦና ደርቆ ይተኰሳል፤ ይህ ካልተደረገ ልብሱ ከተሰፋ በኋላ በመጀመሪያው አጠባ ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ ድሩ ከላይ ወደ ታች በሰውነት ርዝመት እንዲወርድ ተደርጎ ይዘረጋል፤ ድሩ የተጣመመ ቀሚስ ምንም ቢሰፋ ዞሮ ይንጠለጠላል። ሥዕል ባለው ኪቴንጌ ላይ ወፉ ወይም አበባው ተገልብጦ እንዳይገኝ መመልከት ይገባል። ሳቲንን በእጥፍ መቁረጥ አደገኛ ስለ ሆነ በነጠላው ተዘርግቶ በብዙ እስፒል ይያዛል። ቅዱ በወረቀት ላይ ተሥሎ፣ ወረቀቱ በጨርቁ ላይ ተቀምጦ፣ ዙሪያው በጠመኔ ይመለከታል። ጎመሲን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ከአሮጌ አንሶላ ሙከራ ይሥራ።

የሐበሻ ቀሚስ ለሚሰፉ ወገኖቻችን አንድ ነገር እንጨምር። በሸማኔ እጅ የተሠራ ጨርቅ ሲቆረጥ ጠርዙ በፍጥነት ይተረተራል፤ ስለዚህ የሚቆረጥበት መስመር ግራና ቀኝ አስቀድሞ በመኪና ተሰፍቶ በመካከሉ ይቆረጥ። ጥበቡ በታች ጠርዝ የሚውል ስለ ሆነ ርዝመቱ የሚለካው ከጥበቡ ወደ ላይ ነው፤ የሚቀነሰውም ከወገብ በኩል ነው። ከአዲስ አበባ ከሽሮ ሜዳ ተገዝቶ ካምፓላ የደረሰ ጨርቅ ቢበላሽ፣ ምትኩ የሚገኘው ከሌላ ሀገር በመንገደኛ እጅ እንደ ሆነ አይዘንጋ።

ስለ መኪናው ብዙ አንናገርም። ለጀማሪ የሚሻለው በእግር የሚረገጠው፣ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚሰፋው ጥቁር የብረት መኪና ነው፤ ሲንጀርም ሆነ ከቻይና የሚመጣው ባለ ቢራቢሮ ምልክቱ ያገለግላል። ኤሌክትሪክ ቢጠፋ ሥራው አይቆምም፤ ጥገናውም ቀላል ነው። ብዙ ዓይነት ስፌት የሚሰፉት ባለ ፕላስቲክ መኪናዎች ለዓይን ያምራሉ፤ ነገር ግን በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው የተሠሩ አይደሉም። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መሽከርከሪያውን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዙር፤ የሚይዝ ወይም የሚንኳኳ ነገር ካለ ይተወው። ከዚያም በሁለት እጥፍ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰፍቶ ስፌቱን ከላይም ከታችም ይመልከት። ለሳቲንና ለስስ ጨርቅ 11 ቁጥር፣ ለኪቴንጌ 14 ቁጥር፣ ለጂንስ 16 ቁጥር መርፌ ይጠቀም። የሚቀባውም የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ይሁን፤ የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። መኪናው በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ በብቸኛው በር ላይ እንዳይቆም፤ እሳት ቢነሣ መውጫው እርሱ ነው።

ካውያ ከመኪናው እኩል የሚያስፈልግ ዕቃ ነው። የተሰፋ መገጣጠሚያ ሌላ ስፌት ሳያልፍበት በፊት ካልተተኰሰ ልብሱ የቤት ሥራ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ወጪውን ግን ማወቅ ይገባል። ትንሽ የስፌት ሞተር መቶ ዋት ያህል ሲወስድ የኤሌክትሪክ ካውያ አንድ ሺህ ዋትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። እንግዲህ ካውያው ለአንድ ሰዓት ሲግል የሚበላው ኃይል መኪናውን ለአሥር ሰዓት ሊያሠራ ይችላል። ያካ በሚሉት የቅድሚያ ክፍያ ቆጣሪ የሚጠቀም ሰው ይህን በፍጥነት ይረዳዋል። ስለዚህ የሚተኰሰውን ሥራ አከማችቶ በአንድ ጊዜ መተኰስ ይሻላል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትንሽ መሣሪያም መብራትና ሞተር ያንቀሳቅስ ይሆናል እንጂ ካውያ አይችልም።

በከሰል ካውያ የሚጠቀሙ ብዙዎች ናቸው። በዚህ ነገር ላይ ጠንከር አድርገን እንናገራለን፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል፤ ይህም የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ዝናብ ሲዘንብ በርና መስኮት ዘግቶ በአንድ ክፍል ውስጥ በከሰል መተኰስ፣ ልጆች በመጋረጃው ኋላ ተኝተው ሳሉ፣ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። የከሰል ካውያ የሚለኰሰውም የሚተኰስበትም በውጭ በበረንዳ ነው። አመዱም በሳቲን ላይ እንዳይረግፍ ከመተኰሱ በፊት ይራገፍ፤ በልብሱም ላይ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይደረብ።

ከስፌት ጎን ለጎን የእጅ ሥራ ለሚሠሩ ሁለት የካምፓላ ምሳሌዎች እንጥቀስ። አንደኛው ሉቡጎ የሚባለው የዛፍ ልጥ ጨርቅ ነው። ሙቱባ ከሚባለው ዛፍ ልጡ በዝናብ ወራት ይላጣል፤ በእንጨት መዶሻም እየተቀጠቀጠ ይሰፋል፤ የተላጠው ግንድ እንዲያገግም በሙዝ ቅጠል ይጠቀለላል። ዩኔስኮ ይህን ጥበብ በ2005 ከሰው ልጅ ቅርሶች ጋር ቈጥሮታል፤ በ2008ም በዝርዝሩ መዝግቦታል። ዛሬ ቦርሳና የግድግዳ ጌጥ ይሠራበታል። ድርና ማግ ስለሌለው ጠርዙ አይተረተርም፤ ነገር ግን ጥቅጥቅ ያለ ስፌት እንደ ወረቀት ይቀደዋል። ስለዚህ የስፌቱ እርምጃ ረዘም ይበል፤ ከሥሩም የጥጥ ገበር ይደረግለት። ሁለተኛው የወረቀት ዶቃ ነው። ከሰሜን ኡጋንዳ ጦርነት ሸሽተው የአቾሊ ሰፈር በሚባለው ስፍራ የሰፈሩ ሴቶች ያገለገለ ወረቀት በረጅም ሦስት ማዕዘን እየቆረጡ፣ በቀጭን እንጨት ላይ ጠቅልለው በኮላ እያጣበቁ፣ ቫርኒሽ ቀብተው ዶቃ ይሠራሉ። አንዲት የቫርኒሽ ጠብታ አንድ ሙሉ ቀሚስ ስለምታበላሽ፣ ሽታውም ለሰው ስለማይስማማ፣ ይህ ሥራ ጨርቅ ባለበት ክፍል ውስጥ እንዳይሠራ።

በካምፓላ ዝናብ የሚበረታው ከማርች እስከ ሜይና ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ነው። በእነዚህ ወራት ጨርቅ ይሻግታል፤ እስፒልና መቀስም ይዝጋል። ስለዚህ ጨርቅ ከግድግዳና ከወለል ተለይቶ፣ በደንብ ደርቆ ይቀመጥ፤ መኪናውም ማታ ማታ ይሸፈን። መቀስ፣ መርፌና ምላጭ ግን ከፍ ባለ ስፍራ ተቆልፈው ይደሩ። በኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች ከ2020 እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ ለሁለት ዓመት ያህል በተዘጉ ጊዜ የስፌቱ ክፍል በብዙ ቤት የልጆችም መዋያ ሆኖ ነበረ። በቤት የሚሠራ ሰው መሣሪያው ዘወትር በልጅ እጅ አጠገብ መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል። ለጨርቅ ብቻ የሚሆነው መቀስም የተለየ ይሁን፤ ወረቀት የቆረጠ መቀስ ሳቲን ያኝካል።

የአካባቢ ሹማምንት ይህን ጉዳይ የሚያውቁት ብዙ ጊዜ በክርክር ነው። በኡጋንዳ በሰፈር ደረጃ የተነሣ ጠብ መጀመሪያ የሚቀርበው ለሰፈሩ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ነው። «ስድስት ሜትር ሰጠሁ፣ ቀሚሱ ጠበበኝ፣ የተረፈው ጨርቅ የት ገባ?» የሚል አቤቱታ በመጣ ጊዜ ከሁለቱ ወገን ማን እውነት እንደ ተናገረ የሚያስረዳ ነገር ካልተገኘ፣ ፍርዱ በጩኸት ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የስፌት ክፍል አንድ ደብተር መኖር አለበት። በደብተሩ የባለ ጨርቁ ስም፣ ጨርቁ የገባበት ቀን፣ በፊቱ የተለካው ርዝመት፣ የደረቱ፣ የወገቡ፣ የዳሌውና የቁመቱ ልክ፣ የተከፈለው ቀብድ፣ ልብሱ የሚወሰድበት ቀን ይጻፋል። ባለ ጨርቁ ይፈርምበታል፤ መጻፍ የማይችልም ከሆነ በአውራ ጣቱ ያትምበታል። በገጹ ጥግ ከጨርቁ የተቆረጠች፣ ሁለት ጣት የምታህል ቁራጭ በእስፒል ትያያዛለች፤ የተረፈው ጨርቅ ደግሞ ተጠቅልሎ ከልብሱ ጋር ይመለሳል።